የሄደበት ብቻ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? መቼም ስለ እኛ ከመጻፌ በፊት የልብስ ሰፊዋን ልንገርሽ። ታች ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ወጥታለች። አሁን በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትደርሳለች። ልጇ ደግሞ መንታ ወልዳላታለች፣ ሁለቱም ሴቶች። አያት ሆዬ እግሯን ዘርግታ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ታቅፋ፣ «ከእንግዲህ የምሰፋው ዳይፐር ብቻ ነው» ትላለች። አየር እንዲገባላት የስፌት መኪናዋን ደጃፍ ላይ አስጠግታ፣ በሩን ከፍታ ነው የምትውለው። ደረጃ የሚወጣ የሚወርድ ሁሉ በፊቷ ነው የሚያልፈው። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ብቻ አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፣ ሳሎን የተተነፈሰ መኝታ ቤት ይሰማል፤ አባትሽ ደግሞ የታመመው ሳንባውን እንጂ ጆሮውን አይደለም። አሁን ለእግር ጉዞው ወጥቶልኛልና እስኪመለስ ልጻፍ ብዬ ነው። የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር በእጁ ይሰጥሻል።

ሐኪሙ ያለውን ታስታውሻለሽ። ካንሰሩ ያለበትን የሳንባውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ግን በሚቀረው ሳንባ መተንፈስ መቻል አለበት። ሐሙስ ሆስፒታል ውስጥ ደረጃ ያስወጡታል። ሦስት ፎቅ ከወጣ ቀዶ ጥገናው አለ፣ ካቃተው የለም። ወር ሙሉ እንቅስቃሴ የታዘዘለት ለዚሁ ነው። ጠዋት መራመድ፣ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ሦስት ኳስ ባላት የመተንፈሻ ፕላስቲክ በአፍ አየር እየሳቡ ኳሶቹን ማንሳት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደብተር ሰጥታናለች፤ እሱ የሄደበትን ደቂቃ ይጽፋል፣ እኔ ሥሩ እፈርማለሁ። ስሟን ትቶ «ኮማንደሯ» ነው የሚላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ስምንት ደቂቃ ነበር። ከዚያ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት። አንቺም «አባዬ፣ አንተማ ከእኔም በለጥክ» ብለሽ የሳቅሽው፣ «መምጣቴም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይሁን» ያልሽው በዚሁ ነው።

ዓርብ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ጠራችኝ። መርፌ ላይ ክር ላስገባላት መስሎኝ ገባሁ።

«ባልሽ ከማን ጋር ነው ቀጠሮው?» አለችኝ።

«የምን ቀጠሮ?»

«በየቀኑ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ትናንት እነዚህ ልጆች ጠብተው፣ ተኝተው፣ ተነሥተው እሱ ገና እዚያው ነው። ላብ አጥምቆታል። ውሃ ልስጥህ ስለው፣ ለሴትዮዋ እንዳትነግሪብኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ልብስ እንጂ አፌን ሰፍቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ሲወጣ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ተኩል። ሲመለስ ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና «ሃያ ሦስት ደቂቃ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ቆይተህ ሃያ ሦስት?» አልኩት።

ምንም አላፈረም። ቁልፍ ያለውን የድሮ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። ለማረፍ ሲቀመጥ ቁልፉን ተጭኖ ያቆመዋል፣ ሲነሳ እንደገና ያስነሳዋል።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሰዓት ጠግኛለሁ» አለኝ። «የሰው ሰዓት ስፈትሽ የምጽፈው የሄደበትን ነው። የቆመበትን ምን ብዬ ልጻፈው? ኮማንደሯ ስንት ደቂቃ ሄድክ አለችኝ፤ ሃያ ሦስት ሄድኩ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ስንት ጊዜ ቆምክ ታዲያ?»

«እሱን አልቆጠርኩም።»

«ልንገራት?»

«ብትነግሪያት ሐሙስ የለም። ሐሙስ ከሌለ...» ብሎ ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰ። «ግዴለም፣ ሐሙስ ለአንድ ቀን ነው፣ አልቆምም» አለኝ።

ሐኪሙ «ደረትዎን ከጨነቀዎት ባሉበት ይቁሙ፣ እየታገሉ እንዳይወጡ» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ። እሱ ግን ቆርጧል። ሸሚዙን ሲለብስ እንኳ አንድ እጅጌ ያጠልቅና ያርፋል፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሳል ሲመጣበት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ይከፍታል፣ እንዳልሰማው። ውሃው ሲወርድ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ደብተሩ ላይ ፈረምኩ፣ ልጄ። ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ትናንትም ፈረምኩ። ብነግርበት ያለችውን አንዲት ተስፋ በእጄ የዘጋሁበት እየመሰለኝ፣ ዝም ብል ደግሞ ያ የሆስፒታል ደረጃ በዓይኔ እየመጣብኝ፣ ይኸው ሦስት ቀን።

በይ፣ ፈጣሪ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፣ ትዳርሽን ክፉ ዓይን አይይብሽ።

እናትሽ

እዚህ ላይ ላሽገው ስል በር ተንኳኳ። ኮማንደሯ ናት። ከሐሙስ በፊት ደብተሩን ልየው ብላ መጥታ ነው። ቆማ ገጾቹን ገለጠችና፣ «ሃያ አምስት ደርሰዋል? በጣም ጥሩ» አለች። «የት ሄዱ?»

«ለእግር ጉዞ ወጥቷል።»

«ስንት ሰዓት ነው የወጡት?»

ግድግዳውን አየሁ። ከወጣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ አፌ አላረፈም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰዓቱን፣ ደረጃውን፣ ሐሙስ አልቆምም ማለቱን፣ የፈረምኩትንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ደብተሩን ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሐሙስ ደረጃውን እንዳያስወጧቸው ለሐኪሙ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አለች። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር ብላ፣ «ልጅ አለቻችሁ አይደል?» አለችኝ።

«አንዲት። ሩቅ ናት።»

«ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትመጣለች» አልኳት።

«ስለ ቀዶ ጥገናው አልጠየቅኩዎትም፣ እትዬ» አለችኝ።