በውሻህ ቀናሁ

ሽፈራዬ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሊሞላ አምስት ቀን ቀረው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ያለህበትን ባላውቅም ከእኔ ሳትሻል አትቀርም። ስለ ቤቱ ከመንገሬ በፊት ግን አንድ የቆየ ቂም አለኝና እሱን ላውጣው። በውሻህ ቀንቻለሁ። እንዳትስቅ፣ የምሬን ነው።

አመጣጡን ታስታውሳለህ። ሐኪሙ ለልብህ በየቀኑ በእግርህ ሂድ ቢልህ አንተ ሰነፍክ። ልጃችን ሜሮን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ከምታገለግልበት የውሻ መጠለያ አንዱን ይዛ ከች አለች። «አባዬ፣ ፎስተር ብቻ ነው፣ ቱ ዊክስ! አዶፕት የሚያደርገው ሰው እስኪገኝ አንተ ዎክ ታደርገዋለህ» አለች። የሁለት ሳምንት አደራ ነው ብዬ ተቀበልኩ። «ሪአክቲቭ ነው» ያለችው ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባኝ በኋላ ነው። የማያውቀውን ሰው ወይም ሌላ ውሻ ካየ ገመዱን ሊበጥስ ይደርሳል፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ።

የመጀመሪያ ዕለት ሲጮህብኝ ማንም ያገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ምን ድንጋይ አለ? እኛ ያደግንበት ሰፈር ውሻ ቢሆን ይሄኔ ሦስት አጥር ዘሏል። ይሄኛው ግን ምግብ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀው። ለካ ከእኛ በፊት ያሳደገው ሰው ያገኘውን ሁሉ ሲወረውርበት ኖሯል። አንተ እኔን ቀና ብለህ እንኳ ሳታይ ወለሉ ላይ በሆድህ ተኛህና «አይዞህ አንበሴ» አልከው። ስሙም በዚያው ጸና። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድም ቀን ለእኔ ብለህ ወለል ላይ አልተኛህም።

ሊወስዱት የመጡ ሁሉ እየጮኸባቸው ስለተመለሱ ሁለት ሳምንቱ አምስት ወር ሆነ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ፈረሰኛውን ከድስቱ መርጬ ለአንተ ሳወጣ ኖሬ፣ አንተ ለእሱ ዶሮ ቀቅለህ በጣትህ ትበጣጥስለት ጀመር። ሌላ ውሻ በሩቁ ብቅ ሲል፣ ገና ሳይጮህ፣ ቶሎ አፉ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው፤ እንደዚያ ነው የሚለምደው እያልክ። የኮትህ ኪስ ሁሉ ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ጠዋት መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ትወጣላችሁ፤ በመስኮት ሳያችሁ እጅህን እያወናጨፍክ ታወራዋለህ። ቁርስ ላይ ግን «እህ» እና «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሉሃል እንዲህ ነው። ለመሆኑ ምን ነበር የምትነግረው? ደረትህን እንደሚወጋህ ለእሱ ነግረኸው ይሆን? ለእኔ አልነገርከኝም።

በዚያ ጠዋትም አብሮህ የነበረው እሱ ነው። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ በምሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ፣ የሕመምተኞችን ትሪ እደረድር ነበር። እንደ ወደቅክ የውሻውን ጩኸት ሰምታ የደረሰችው አንዲት ለስፖርት የምትሮጥ ሴት ናት። ሰው ሁሉ «ውሻው ባይኖር ኖሮ ማን ያገኘው ነበር» እያለ አመሰገነው። እኔ ግን አላመሰገንኩትም። የመጨረሻ ቃል ተናግረህ ከሆነ የሰማው እሱ ነው። ዓይንህ መጨረሻ ያየው እሱን ነው። የእኔን ቦታ ወሰደብኝ፣ ሽፈራዬ፤ ለማን ይነገራል ይሄ?

ለቅሶው ላይ ውሻውን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገብተን ዘጋንበት። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተሰማ ሽንት ቤት መስሏቸው በሩን ከፈቱት፣ ጮኸባቸው፣ እሳቸውም እንደ እኔ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። ውሻው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ለቀስተኛው ሁሉ ደነገጠ። እኔ ፍራሼ ላይ እንደተቀመጥኩ ውስጤ «እሰይ» አለ። በኋላ አፍሬበታለሁ፤ ግን ብሏል፣ ላንተ አልደብቅም።

ከዚያ ወዲህ ሜሮን ፒችትሪ ኮርነርስ ወደሚገኘው ቢሮዋ ከመሄዷ በፊት እየመጣች ውሻውን በሕንጻችን ዙሪያ ታንሸራሽረዋለች። እሷ የተከራየችበት ቤት ውሻ አይፈቅድም። እኔ ሳህኑን ሞልቼ ፊቴን አዞራለሁ፤ በመጣች ቁጥርም ሰው ፈልጊለትና ይሂድልኝ እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተገኘለት። ዲኬተር የሚኖሩ፣ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ወሰድነው። ሴትየዋ ዓይኑን ሳታይ ሣሩ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ዶሮ ጣል ታደርግለታለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አገጩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። እኔን ከዓመት በላይ አንድ ቤት ኖረን አንዴም አልነካኝም፤ እኔም አልነካሁትም። ያንተን የመጨረሻ ጠዋት ይዞ ለዚች ለማላውቃት ሴት ሊሰጣት ነው! ሳላስበው ተነስቼ ገመዱን ከእጇ ወሰድኩና «ሶሪ፣ ይሄ የባሌ ውሻ ነው» አልኳት፣ በአማርኛ። ሜሮን ተርጉማ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ሴትየዋ ክፋት የላትም፣ አቀፈችኝ፤ እኔ ግን መኪና ውስጥ እስክንገባ ገመዱን አላላሁትም።

በዚያው ወደ መጠለያው ሄደን ለዘለቄታው በስሜ አዶፕት አደረግኩት። ፎርሙ በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። እስከዚያ ቀን ወረቀት ሁሉ ላይ ሁለት እያልኩ ነበር የምሞላው። እዚህ ግን ውሸት ጽፌ ቢነጥቁኝስ ብዬ ፈራሁና አንድ አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሴን ዶሮ ሞልቼ በእናንተ መንገድ፣ በወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ፣ ወጣን። የወደቅክበትን ቦታ ለይቶ ያሳየኝ ሰው የለም። «መንገዱ ላይ» ነው ያሉኝ፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ሁለተኛውን መታጠፊያ አልፈን አንድ ጥድ ሥር ስንደርስ አንበሴ ቆመ። ብስበው እምቢ አለ። ዶሮ ባሳየው ፊቱን አዞረ። ከዚያ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተዘረጋና አገጩን መሬት ላይ አደረገ። ገባኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ በለቅሶው ጊዜ ሰው ከቦኝ ያላወጣሁትን እንባ አወጣሁት። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ ብታልፍ ለቅሶዬን አቋርጦ መናፈሻውን በጩኸት አናወጠው። ዶሮውን ረስቼ ነበር። በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው ጀርባውን ይዤ «አይዞህ አንበሴ» አልኩት። ልቡ እንዴት ይመታል መሰለህ።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። እሱ እዚያ የሚተኛው አንተን አይቶ ነው፤ እኔ ያየሁት ሣሩን ነው። ቢሆንም ቦታውን አሁን አውቄዋለሁ። ፈረቃዬን ወደ ከሰዓት አስቀይሬያለሁ፤ በየጠዋቱ እንመጣለን። እሱ አርጅቶ ቦታውን ቢረሳው እንኳ፣ ገመዱን ይዤ እዚያች ጥድ ሥር የማቆመው እኔ ነኝ።

አልማዝ