ከሳሽ ትናገራለች፣ ተከሳሽ ይጽፋል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለናፍቆቴ፣ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጽሑፉ የአባትሽ መሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ቀኝ እጄ ገና ብዕር አጥብቆ ስለማይዝ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ያልኩትን ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። (ምያለሁ። ጸሐፊው)

አክስትሽ ደውላ «እናትሽ አባትሽን ከሰሰችው» ብላሽ ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመስሽ ሰማሁ። እሷ እንደሆነች ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ መስመሩም ይቆረጣል። ልጄ፣ ነገሩ እውነት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ በሙሉ ስሙ፣ በሦስት ቅጂ ከስሼዋለሁ። ግን ሻንጣውን ያነሳ ሰው የለም። ፈተና ላይ ስለነበርሽ ነው የደበቅንሽ፤ አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከአባትሽ የእንጨት ሥራ ቤት ወደ እኔ የልብስ ስፌት ክፍል የሚያወጣውን ደረጃ ታውቂዋለሽ። ሦስተኛው እርከን ሲላቀቅ አባትሽ «ለጊዜው» ብሎ ሁለት ሚስማር መታበት። የሰው በር ሲሠራ ግማሽ ቀን ሲለካ ይውላል፣ የራሳችን ሲሆን ሁሉም ነገር ለጊዜው ነው። ያ ለጊዜው ሁለት ዓመት ቆየ። ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። (አራት ጊዜ። ጸሐፊው) ሚያዝያ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ታቅፌ ስወርድ እርከኑ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ወጣ፣ እኔም ካሰብኩት በፊት ታች ደረስኩ። ቀሚሱ ምንም አልሆነም። የእጄ አንጓ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተጣሞ ገጠመ፣ ጣቶቼም መርፌ መያዝ አቃታቸው።

ሐኪሙ «በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ከዘገየ ግን እንዲሁ ይቀራል» አለኝ። አባትሽ ለሥራ ቤቱ ኢንሹራንስ ስለነበረው አብረን ሄድን። ሠራተኛው ወረቀቱን አገላብጦ «እዚያ የወደቀ ሌላ ሰው ቢሆን እሳቸውን ይከስና እኛ ከፍለንለት ይታከም ነበር። ሚስት ባሏን እንዴት ትከሳለች?» ብሎ መለሰን። ደረጃው ሲጥለኝ የጋብቻ ወረቀት አልጠየቀኝም እኮ!

ልብስ የምሰፋላት አንዲት ጠበቃ አለች። ስነግራት ሳቀችና «እትዬ፣ ሲያገቡ መብትዎን አስረክበው አልገቡም። ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን መክሰስ ይችላሉ» አለችኝ። አፈርኩ፣ አልዋሽሽም። ባሏን የከሰሰች መባል ቀላል ነገር አይደለም። አባትሽ ደግሞ «እኔ የሠራሁት ደረጃ አይወድቅም» ብሎ ሳምንት ሙሉ ተኮሳተረ። (አልተኮሳተርኩም። ጸሐፊው) ተኮሳትረሃል፣ ጻፍ።

ክሱን ሳስገባ ኢንሹራንሱ ለእሱ ጠበቃ አቆመለት። ያ ሰውዬ ቤታችን መጥቶ፣ እኔው ያቀረብኩለትን ሻይ እየጠጣ፣ «ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፣ ፊት ለፊቷንም አላየችም ይበሉ፣ ጉዳዩ ያልቃል» ብሎ መከረው። የእጄ መዳን በአባትሽ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ሰውዬው ሲወጣ «እንዲህ ልትል ነው?» አልኩት። አባትሽ መላጊያውን አንስቶ ወደ ሥራው ገባ።

የቀጠሮው ቀን በአንድ አውቶቡስ ሄድን። ቦርሳዬን የያዘልኝ እሱ ስለነበር፣ ከሳሽ በዚህ ተከሳሽ በዚያ ተብለን ስንለያይ ቦርሳዬ ከተከሳሽ ጋር ሄደ። መነጽሬ እዚያ ውስጥ ስለነበረ በችሎቱ መሀል አቋርጦ አመጣልኝ። ዳኛዋ አየችንና «አብራችሁ ነው የምትኖሩት?» አለች። «አዎ፣ ክብርት ዳኛ። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ያበጠረልኝ እሱ ነው» አልኩ። ያ ጠበቃ ተነስቶ «ተስማምተው የመጡ ናቸው!» ሲል፣ «ቢደባደቡ ይሻልዎት ነበር?» አለችው።

ከዚያ አባትሽን አቆሙት። ጠበቃው ምን ጫማ እንዳደረግኩ ጠየቀው። እኔ ወለሉን አየሁ። አባትሽ ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታ። ሁለቱ ሚስማሮች ነበሩ፣ ጎብጠው። «ጫማዋ ደህና ነበር። ደህና ያልነበረው ይሄ ነው። ብሎን ማሰር ሲገባኝ ሚስማር መታሁበት። ነግራኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ ሲፈረድልኝ አይደለም።

ኢንሹራንሱ ከፍሎ ነሐሴ ላይ ታከምኩ። የላስቲክ ኳስ እየጨመቅሁ እጄን አለማምዳለሁ፣ ትናንት በሰባተኛው ሙከራ መርፌ ላይ ክር አስገባሁ። ሦስተኛው እርከንም ስምንት ብሎን ታስሮበታል፣ ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም። ስለዚህ አንቺ እህልሽን ብዪ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፣ እሱም እየሰማ ይጻፈው። «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለው ለዳኛዋ ነው። ቤት ገብተን እራት በላን፣ ተኛን፣ ይኸው ስንት ወር ሆነ። ለእኔ አንድም ቀን አላለኝም።

ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የአባትሽ ነው። እናትሽ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ወጣች፤ ሆን ብላ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አውርቻለሁ። በዚያ ሚስማር አንድ ቀን ሰው እንደሚወድቅ አውቅ ነበር፣ የምትወድቀው እሷ ትሆናለች ብዬ ግን አላሰብኩም። እናትሽን «ይቅርታ አድርጊልኝ» በይልኝ። እንደምታነበው አውቃለሁ፣ እኔ የጻፍኩትን ሳታነብ አታልፍም። መንገድሽ ሁሉ የቀና ይሁን፣ በጤና ያገናኘን።

አባትሽ፣ ተከሳሽና ጸሐፊ

ልጄ፣ ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ። አነበብኩት። መዝገቡ ተዘግቷል።

እናትሽ