የማን ግራ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ነፋስ። ትናንት ያጠብኳቸው መስኮቶች ዛሬ የባሕር ጨው ለብሰዋል። የወደቡን ሲኒማ ቤት የምታስተዳድረው ሞርዌና መጣች። ጫማዋን ሳትጠርግ ገባች።

«ሚስ ትሬገር፣ ፊልማችን ስድሳ ዓመት ሞላው! በወሩ መጨረሻ እናሳየዋለን። እርስዎም መድረክ ላይ ይናገሩልን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ደረጃው ነዋ! ሰው የሚመጣው ለእሱ አይደል?»

አስብበታለሁ አልኳት። ስትሄድ ወለሉን ወለወልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 5

ስድሳ ዓመት ሙሉ ለምን ያዩታል? ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ባሕር የበላት መንታ እህት። ዝናቡ ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ ያለዚያ ካሜራው አያየውም ነበር። ጭጋጉ ደግሞ ጭስ ነበር፤ ሁላችንንም ያስለን ነበር።

ግን ደረጃው... ሴትዮዋ ስትወጣ የደረት ጌጧ በግራዋ ነው። ላይ ትልቅ መስታወት አለ። ስትወርድ ጌጡ በቀኟ ነው። እንግዲህ የወረደችው ማን ናት? ከመስታወቱ የወጣችው ሟቿ እህት? ፊልሙ አንድ ቃል አይተነፍስም። አውቶቡስ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሙቷ ናት አልኩህ!» «አንቺ ደግሞ ተኝተሽ ነበር!»

እኔ ግን አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

እስቲ ልጻፈው። ማንም አያየው።

በዚያ ፊልም ላይ ሥራዬ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ምንም እንዳይለወጥ መመዝገብ ነበር። ሲጋራው ምን ያህል ቀርቷል፣ በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ ጌጡ የት ተሰክቷል። እመቤት እርሳስ ይሉኝ ነበር። በገዳም ትምህርት ቤት መነኮሳይያቱ ያሳደጉኝ እንዲያ ነው፤ አንድ ጠብታ ቀለም ለፈሰሰበት ገጽ ሙሉውን እንደገና ያስጽፉን ነበር።

ስትወጣ የተቀረጸው ሰኞ ነው፣ ስትወርድ በሳምንቱ። የጌጡን ቦታ በአንድ ቃል መዘገብኩ፦ «ግራ»። የማን ግራ? በእኛ ሥራ ባዶውን «ግራ» ከተጻፈ የካሜራው ግራ ማለት ነው። የተዋናይቷ ከሆነ «የእሷ» ይጨመርበታል። ይህንን የማያውቅ የለም። እኔ ረሳሁት።

ልብስ የምታለብሰው ኦሊቭ ሆኪንግ ነበረች፣ የሃያ ዓመት ልጅ። እንደ ደንቡ አነበበች፤ እንደ ደንቡ በካሜራው ግራ፣ በሴትዮዋ ቀኝ ሰካችው። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ለቀረጻው የተሠራው ደረጃ ፈርሶ ነበር፤ እንደገና መቅረጽ አይቻልም። ዳይሬክተሩ እየጮኸ መዝገቡን አምጪ አለኝ። ከመስጠቴ በፊት «የእሷ» የሚለውን በእርሳስ ጨመርኩበት።

ኦሊቭ ገጹን አየችው። «እንዲህ አልነበረም... ነበር እንዴ?» አለች። በዚያው ቀን አባረሯት። ፊልሙ ሲወጣ ጋዜጦቹ «ምን ዓይነት ብልሃት ነው!» አሉ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ሞርዌና ደወለች። «ኦሊቭ ሆኪንግ የሚባሉ ያውቃሉ? ፋልማውዝ የአረጋውያን ቤት ነው ያሉት። የልጅ ልጃቸው ለፊልሙ ልታመጣቸው ነው!»

ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 12

ወደ ፋልማውዝ ሄድኩ፤ ትሩሮ ላይ ባቡር ቀየርኩ። ኦሊቭ መስኮቱ አጠገብ ሳፍሮን የሚባል ቅመም ያለበት ቢጫ ዳቦ እየበላች ነበር።

«እመቤት እርሳስ! እስካሁን አልሞትሽም?»

ቆሜ ነገርኳት። ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ። ዳቦውን አስቀመጠችው።

«"የእሷ" የሚለውን ኋላ ነው የጨመርሽው?»

«አዎ።»

«በትክክል ነበር ያነበብኩት?»

«በትክክል።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ምድጃ አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ስንቴ እንደምመለስ ታውቂያለሽ? ባሌ ይስቅብኝ ነበር። እድሜዬን ሙሉ ዓይኔን አላመንኩትም!»

ይቅርታ አልኳት።

«ይቅርታሽን ያዢው። መድረኩ ላይ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እሰማለሁ።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ለሞርዌና አስቀድሜ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «እባክዎ ሚስ ትሬገር... ሰው የሚወደው እንቆቅልሹን ነው። ስህተት ነው ካሏቸው ምን ይቀራል?»

ምን ይቀራል? እኔም አላውቅም። ግን እናገራለሁ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 29

ከቀትር በኋላ። አንድ ባዶ ወንበር አልነበረም። ፊልሙን ካየሁት ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ሴትዮዋ ደረጃውን መውረድ ስትጀምር... ጌጡን ማን እንደሰካው፣ ለምን እንደሰካው አውቃለሁ። ግን ክንዴን ወረረኝ። የራሴ ስህተት አስፈራኝ።

ወጣሁ፣ ተናገርኩ። ሳቁ! አጨበጨቡ! አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከኋላ ተነሣ፤ «ተሳሳትሽም አልተሳሳትሽም የኔ እመቤት፣ የወረደችው ሙቷ ናት!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሞርዌና በደስታ አለቀሰች። ፊልሙ ምንም አልሆነም።

ኦሊቭ ብቻ አልሳቀችም። በልጅ ልጇ ክንድ ተደግፋ ስትወጣ ተከተልኳት።

«ጨዋታ አደረግሽው» አለችኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 31

ሁለት ቀን ንግግሬን ሳስታውስ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ቆም ብያለሁ... እንዲስቁ። «ተሳሳትኩ» አልኩ። እርሳሱን ግን አልተናገርኩም። የተባረረችውን ልጅም አልጠቀስኩም። ስህተቱ የአንድ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ስህተት አልነበረም። አውቄ ነው።

ለከተማው ጋዜጣ ጻፍኩ። «ሳይታወቀኝ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ እያወቅሁ መዝገቡን ለወጥኩ፤ በእኔ ጥፋት ኦሊቭ ሆኪንግ ተባረረች። እሷ ያነበበችው በትክክል ነበር።» አንድም የሚያስቅ ነገር የለበትም። አምስቴ አነበብኩት። በራሴ እጅ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 4

ደብዳቤዬ ጋዜጣው ላይ ወጣ። ሁልጊዜ «የኔ ወፍ» የምትለኝ ዳቦ ሻጭ ዛሬ «ሚስ ትሬገር» አለችኝ። የሳንቲም መልስ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ይሁን።

አራት ሰዓት ላይ ስልክ። ኦሊቭ።

«ሦስቴ አነበብኩት።»

«ተቀይመሽኛል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ገና መቆጣት መጀመሬ ነው። በስልክ አይሆንም። ሐሙስ ነይ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በጠዋት። ብዙ ነው ያለኝ።»