ትልቋ በረሮ የኔ ናት

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ፣ 1999

ዝናብ። ከንጋት ጀምሮ አላቋረጠም። ሰው ግን አልቀረም፤ ፉሉ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። እንቁላል ፍርፍር እስከ አምስት። ቁርስ ቤቴ አራት ጠረጴዛ ብቻ ናት፣ ዛሬ ግን አርባ ትመስል ነበር።

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ዙሀራ ናት፣ ከጎኔ ባለው ክፍል ልብስ የምትሰፋው። "ወላሂ ወሬሽን ብቻዬን አልችለውም፣ ግማሹን ለወረቀት ንገሪው" ብላ። ገና ምን አወራሁና? አስራ አንድ ዓመት አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ አልጨረስኩላትም።

ሌላ ምንም የለም። ስኳር መግዛት። የበሩን ማጠፊያ ማስጠገን።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቤቱ ሙሉ ነበር። ጋሽ ለይኩን፣ ከወባ መከላከያ ጡረታ የወጡት ደንበኛዬ፣ በሩ አጠገብ ፉላቸውን ይበላሉ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር አንዲት በረሮ ወጣች። ቀይ ዳማ፣ አውራ ጣቴን የምታህል። አልሮጠችም እኮ። እንደ ቤቱ ባለቤት መሐል ወለሉን አቋርጣ ሄደች። አንዷ ሴትዮ ወንበር ላይ ወጣች።

እና በር ላይ ማን ይቆማል? አቶ ገብረሥላሴ። አከራዬ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት።

"ይኸው፣ ይሄን ነው የምለው። በረሮ አርቢ። ሳሎኔ ድረስ የምትልኪልኝ አንቺ ነሽ። ሚሌኒየሙን ከበረሮ ጋር አልቀበልም። እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ቤቴን አስረክቢኝ።"

ሰው ፊት። አፋቸውን ሞልተው።

ሁለት ልጆች ያስተማርኩባት ቤት ናት። ወለሏን በቀን ሦስቴ ነው የማጥበው። በረሮ አርቢ... እኔ?

አልወጣም። ይኸው ጻፍኩት። አልወጣም።

ሐምሌ 10፣ ማክሰኞ

ሁለት ገደልኩ። አንዷ እንደ ትናንቷ ቀይ ዳማ፣ ከመታጠቢያው ሥር። ሌላዋ ከዳቦ መደርደሪያው ኋላ፣ ትንሽዬ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ። የትልቋ ልጅ ናት ብዬ ልጥላት ስል... ክንፍ አላት። ልጅ ክንፍ አለው እንዴ? አስራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ መምህራችን ክንፍ የሚወጣው ሲያድጉ ነው ያሉን ይመስለኛል። ታዲያ ይቺ አድጋ የጨረሰች ናት። ትንሽ፣ ግን አሮጊት።

ሁለት ዓይነት በረሮ አለኝ ማለት ነው? ሁለቱንም ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

"ወርቄ፣ ሠላሳ ዓመት ትንኝ ሳይ ኖሬ በጡረታዬ በረሮ ታሳይኛለሽ?" አሉ ጋሽ ለይኩን። ግን እጃቸው ወዲያው ኪሳቸው ገባ። ሌንስ። ጡረታ የወጡት ሌንሱን ይዘው ነው።

አሳዩኝ። ከጭንቅላቷ ኋላ ጋሻ የመሰለ ነገር አለ። በትንሿ ጋሻ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር፣ ልክ በዓይን ኩል የተሰመረ። ትልቋ መስመር የላትም፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ዞሯታል። ትንሿ የጀርመን በረሮ ትባላለች፣ ትልቋ የአሜሪካ።

"እነሱ ናቸው ያመጡብን?"

"ስም ነው እንጂ። እነሱም ከሌላ አገር መጣችብን ነው የሚሉት።"

ሳቄን ለቀቅኩት። አቶ ገብረሥላሴ ብቻ አይደሉማ እንዲህ የሚሉት።

ትልቋ የፍሳሽና የጉድጓድ ናት፣ እርጥብና ጨለማ ነው የምትወደው። ትንሿ ግን ደጅ አትኖርም። ሙቀት፣ ፍርፋሪ፣ ጠባብ ስንጥቅ። በገዛ እግሯ ከመንገድ አትመጣም፤ ሰው ነው በዕቃ የሚያስገባት። በካርቶን፣ በጆንያ፣ በአሮጌ ዕቃ...

"ታዲያ እኔ ጋ በምን ገባች?"

"እሱን አንቺው ፈልጊ" አሉና ሌንሱን ትተውልኝ ሄዱ።

ሌንስ። በአርባ ስምንት ዓመቴ። እንዴት ደስ ይላል።

ሐምሌ 16፣ ሰኞ

ወጥመድ ሠራሁ። የማርማላታ ጠርሙስ፣ አፉን ከውስጥ ቫዝሊን መቀባት፣ ታች ቁራሽ ዳቦ። ይገባሉ፣ ሲወጡ ያንሸራትታቸዋል። አንዱን መታጠቢያው ሥር፣ አንዱን ዳቦ መደርደሪያው ኋላ፣ አንዱን ዙሀራ ጋ።

ዙሀራ መጀመሪያ እምቢ አለች። "ማሎ፣ እባክሽ ወርቅውሃ፣ ሰው በረሮ ያባርራል፣ አንቺ ዳቦ ታበያለሽ?"

"እጋብዛለሁ እንጂ።"

"ወደኔ ቤት?"

"ወደ ጠርሙሱ።"

አስቀመጠችልኝ። ጠርሙሱን የሙሽራ ቀሚስ ከሚሰፋበት ጠረጴዛ አርቃ።

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ዙሀራ ስትሮጥ መጣች። ጠርሙሷን በሁለት ጣት አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ። "ቢስሚላህ... ነጭ በረሮ። እይው። ጂን ነው ይሄ።"

እውነትም ነጭ። እንደ ወተት፣ ዓይኗ ብቻ ጥቁር። እኔም ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ደግሞ መታጠቢያው ሥር ክንፍ የሌላቸው፣ የሚያብረቀርቁ፣ መካከለኛ አገኘሁ። አራት ዓይነት ሆኑ። ጋሽ ለይኩን ጋ እንዴት እየተንቀባረርኩ እንደሄድኩ... አራት ዘር አገኘሁ ብዬ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ነጯ ቆዳዋን ገና ያወለቀች ናት፣ ከሰዓታት በኋላ ትጠቁራለች። ክንፍ የሌላቸውም የትልቋ ልጆች ናቸው። ሁለት ዘር ብቻ።

ለዙሀራ ነገርኳት። "ልብሷን እየቀየረች ነው? ታዲያ መጀመሪያውኑ ከኔ ቤት ናት በይኛ" አለች።

ሐምሌ 25፣ ረቡዕ

ጠርሙሶቹን ስምንት ቀን ያየሁበትን መዘገብኩ። መታጠቢያው ሥር ትልልቆቹ ብቻ። ዳቦ መደርደሪያው ኋላ ትንንሾቹ ብቻ። ዙሀራ ጋ ጥቂት ትንንሽ፣ እሱም ከኔ ጋር በሚያገናኘን ግድግዳ በኩል።

ትልቋ የኔ ናት። ልካደው ብል አልችልም። የመታጠቢያዬ ፍሳሽ ወደ ቦዩ የሚወጣበት አፍ ክፍቱን ነው። ወለል ሦስቴ አጥባለሁ፣ ጉድጓዱን ግን አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ያሳፍራል። ይሁን፣ ያሳፍር።

ትንሿ ግን? ዳቦው ከዳቦ ቤት የሚመጣው በሳፋ ነው። ካርቶን አላስገባሁም። መደርደሪያዋ ከቦታዋ ተነቅንቃ አታውቅም...

ተነቅንቃለች። አሁን መጣልኝ፣ እየጻፍኩ። ሰኔ 20። የወባ ረጪዎቹ የመጡ ቀን።

እንደየዓመቱ ሁላችንም ዕቃችንን ግቢ አወጣን፣ ግድግዳው እንዲረጭ። ደመና ነበር። አንድ ላይ እንሸፍነው ብዬ የሦስቱንም ቤት ዕቃ አንድ ቦታ ያስከመርኩት ማነው? እኔ። "እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ አስጠጉት" እያልኩ፣ እንደ ዘመቻ አዛዥ። ላስቲክ አለበስነው። ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ጨለማ፣ ሙቀት፣ ዕቃ በዕቃ ላይ ተጣብቆ። መደርደሪያዬ ከማን ዕቃ ጋር ነበር የተጠጋችው? ከአቶ ገብረሥላሴ ፍሪጅ ጋር።

ለፋሲካ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከችላቸው ፍሪጅ። አዲስ ነው ብለው ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ ያሳዩት።

አዲስ ፍሪጅ በረሮ ይኖረዋል?

ነሐሴ 3፣ ሐሙስ

የፍልሰታ ጾም ነው፣ እንቁላል ቀርቷል፣ ሽሮና ፉል ብቻ። እትዬ በላይነሽ፣ የአቶ ገብረሥላሴ ባለቤት፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። በአስራ አንድ ዓመት ስንቴ ገብተዋል? ሁለቴ? ቆመው ጠርሙሶቹን አዩ። ትንንሾቹ ያሉበት ጠርሙስ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

"እነዚህን አውቃቸዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ምንም አላልኩም። እኔ። ዝም። ዙሀራ ብታይ አታምንም።

"አንድ ጠርሙስ ስጪኝ።" ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ሄዱ።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ

መለሱልኝ። ታቹ አይታይም። በላይ በላዩ ነው። ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ባለ ሁለት መስመር፤ አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በከረጢት አድርገው ከኋላ ተሸክመዋል። ጋሽ ለይኩን ነግረውኛል፣ ትንሿ እስኪፈለፈል ድረስ አትጥለውም፣ ሠላሳ አርባውን ልጅ ይዛው ነው የምትዞረው። እናት እኮ ናት።

"ከፍሪጁ ኋላ ሞተሩ ይሞቃል፣ እዚያ ነው ያስቀመጥኩት" አሉ እትዬ በላይነሽ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። "ያገለገለ ነው ፍሪጁ። ልጃችን አዲስ መግዛት አልቻለችም። እሱ ነው አዲስ ነው ብሎ ያስወራው። እንዳትነግሪብኝ ወርቅውሃ። በሰው ፊት ይሞታል።"

እኔንስ በሰው ፊት ገድለውኝ የለ? ይሄን ልላቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

"አልናገርም" አልኩ።

ሞኝ ነኝ? ማስረጃዬ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ አፌ ደግሞ ተለጉሟል።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ

የራሴን ግን እጨርሳለሁ። ወንፊት ሽቦ ገዛሁ፣ ሲሚንቶ ለመንኩ፣ የፍሳሹን አፍ በገዛ እጄ ከደንኩ። ጉልበቴ ቆሰለ። ዙሀራ በር ላይ ቆማ "ኢንጂነር ወርቅውሃ" እያለች ፎከረችብኝ፣ ወይስ ፎከረችልኝ?

መደርደሪያዋን አውጥቼ በፈላ ውሃ። ስንጥቋን በሳሙና ደፈንኩ። ከፋርማሲ ቦሪክ አሲድ፣ ከስኳር ጋር፣ ሰው በማይነካው ቦታ።

አቶ ገብረሥላሴ ሲያልፉ "ለሦስት ሳምንት ምን ያደክምሻል?" አሉ።

"ለሦስት ሳምንት ማን አለዎት?" አልኳቸው።

ነሐሴ 27፣ እሑድ

መታጠቢያው ሥር ስምንት ቀን ባዶ። መደርደሪያው ኋላ ሁለት። ሁለት ብቻ።

ጳጉሜ 2፣ ዓርብ

መጣች። ከቀበሌ የጽዳት ተቆጣጣሪ፣ ሩሐማ የምትባል ወጣት ሴት፣ ከተማው ለሚሌኒየሙ እየተፈተሸ ነው። አቶ ገብረሥላሴ ናቸው እየመሩ ያመጧት። ቀጥታ ወደኔ። እትዬ በላይነሽ ከኋላ።

"ይኸው ምንጩ" አሉ። "ይታሸግልኝ።"

ደንበኞቹ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

ሩሐማ ጎንበስ ብላ ሁሉን አየች፣ ከመታጠቢያው ሥር፣ ከምድጃው ኋላ። ከዚያ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች። "ይሄ ምንድነው?"

ደግማ ሳትጠይቅ አስረዳኋት። ጋሻውን፣ መስመሩን፣ ክንፉን። ሌንሱን ሰጠኋት። "ትልቋ የኔ ናት" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ፍሳሼ ክፍት ነበር። አሁን ተከድኗል፣ እዩት። ትንንሾቹን ዕቃ ስናወጣ አንድ ላይ ያስከመርኩት እኔ ነኝ፣ እሱም ጥፋቴ ነው።"

"ይሄ የሞላውስ? ስም የለበትም። የማን ነው?"

ዝም አልኩ። አቶ ገብረሥላሴ ፈገግ አሉ። "የሷ ነዋ፣ የማን ይሆናል?"

ቤቴ በዚያች ዝምታ ልትሄድ ነው። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። ቃል ቃል ነው...

"የኔ ነው።"

እትዬ በላይነሽ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደፊት መጡ። "ከፍሪጃችን ኋላ የያዝኳቸው ናቸው።"

"ፍሪጁ አዲስ ነው" አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

"አዲስ አይደለም ገብሬ። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ልጃችን ያላትን ነው የላከችው፣ ምን ያሳፍራል? እሷን ከምናስወጣ አምነን ብናጸዳው አይሻልም?"



ሩሐማ ጻፈች። ቁርስ ቤቱ ይሠራል። የባለቤቱ ሳሎን በሳምንት ውስጥ ይታያል።

ጳጉሜ 6፣ ማክሰኞ

ነገ አዲስ ዓመት። ሁለት ሺህ። አቶ ገብረሥላሴ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው መጡ። ከትናንት ወዲያ ፍሪጁን ግቢ አውጥተው ኋላውን ፈተው ሲያስጠርጉ አይቻለሁ። አልቀረብኩም።

"ቤቱን... ለጊዜው አልፈልገውም" አሉ።

"ለጊዜው የሚባል አላውቅም። የተባረርኩት ሰው ፊት ነው፣ የምቆየውም ሰው ፊት ነው።"

"አሁን ይሄ ግድ ነው?"

"ለኔ ግድ ነው።"

ወጡ። አበዛሁት? አላበዛሁም። በረሮ አርቢ የተባልኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ጠዋት መጡ፣ ለመናገር ተዘጋጅተው፣ ኮት ለብሰው። ቤቱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ረመዳን ገብቷል።

"ያን ቀን የሰሙት ግማሾቹ ጾመኛ ናቸው" አልኳቸው። "ማታ ሳምቡሳ ለመውሰድ ይመጣሉ።"

አዩኝ። የሚሳደቡ መስሎኝ ነበር። "አንቺ ሴትዮ..." ብለው ተዉት።

ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ላይ ሰልፍ። ጋሽ ለይኩንም ነበሩ፣ ዙሀራ ሳምቡሳ እየጠቀለለችልኝ። አቶ ገብረሥላሴ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ።

"ያን ዕለት ያልኩት ልክ አልነበረም። ወርቅውሃ ቤቷ ነው፣ ትቆያለች።"

"እና ስንት ሳምቡሳ ልጠቅልልዎት?" አለች ዙሀራ።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

የቀበሌ የሴቶች ስብሰባ። ሩሐማ ናት የጠራችኝ፣ ስለ በረሮ ንገሪያቸው ብላ። አዳራሹ ሙሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ፣ ማንም ይበቃል አላለኝም። መስመሩን፣ ቢጫውን፣ ነጯን። ያገለገለ ዕቃ ሲገባ ኋላውን እዩ፣ ፍሳሽ ክደኑ። ለረጪዎቹ ዕቃ ስታወጡ እኔ እንዳስከመርኩት አታስከምሩ።

ከበቾ ቦሬ ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት እጇን አወጣች። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ተምሮ ነው ብላ ይመስለኛል፣ "እርስዎ የት ነው የሚሠሩት?" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ሸፋፍኜ ነበር የማልፈው። ምግብ የሚሸጥ ሰው ስሙን ከበረሮ ጋር ያነሳል?

"ጊንጆ ሰፈር ቁርስ ቤት አለኝ" አልኳት። "ነገ ጠዋት ይምጡ።"