የእማዬ ዓይንና የመኪናዋ ቢጫ መብራት

ለወንድሜ ለአፈወርቅ ብሩ፤ ጅቡቲ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ከዚያ ሙቀት ጋር እንዴት ሆነሃል? እየሩስ ወገቧን ተሻላት ወይ? ማሙሽስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ሳሉ ለቀቀው? እኛ ለአማኑኤል ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። ዘንድሮ ብርዱ ጠንቶ ጠዋት ጠዋት የገብሱ ክምር ውርጭ ለብሶ ነው የምናገኘው፤ ከዚያ በቀር የሚያማርር ነገር የለንም። ዛሬ የምጽፍልህ የደስታ ነገር ነው። ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምር፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

የላክህልን መኪና መስከረም ላይ ቢጫ መብራት አበራች ብዬህ ነበር፤ ከመሪው ፊት ለፊት ያለችው፣ የሞተር ሥዕል ያላት። እማዬ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፁ መሆኑን ታውቃለህ። ያቺን መብራት ግን አየቻት። ሌላው ሁሉ ጭጋግ ሆኖባት እሷ ብቻ ቦግ ብላ ትታያታለች። የዓይን ሐኪሞች ደብረ ብርሃን መጥተው ለጥቅምት ቀጠሮ ሲሰጧት፣ የእኔ ዓይን መታመሙ አልበቃ ብሎ ዓይኗ የታመመ መኪና ላይ አልወጣም፣ ገደል ልትከቱኝ ነው ብላ እምቢ አለች። በአውቶቡስ እንዳንወስዳት ወገቧ አይችልም። ቀጠሮው አለፈ። ሐኪሞቹ ታኅሣሥ ላይ አንዴ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይታወቅም ተባልን። እንግዲህ መብራቷ ካልጠፋች እማዬ እንደታወረች ልትቀር ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ እሱባለው መኪናዋን ደብረ ብርሃን፣ ኃይለ ኢየሱስ የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ መጽሐፍ የምታክል ማሽን ሰካባትና ቁጥር አነበበ። ከቤንዚን ማጠራቀሚያው የሚነሳው ትነት አየር ላይ እንዳይባክን ተይዞ ለሞተሩ ይመለሳል፣ የትነቱን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ፣ የተበላሸው እሱ ነው አለ። ለመንዳት ግን አያሰጋም አለ። ይህንኑ ለእማዬ ብንነግራት፣ የምሳፈረው እኔ ነኝ፣ እሱ ምን ቸገረው አለች።

ሴንሰሩ ተቀየረ፣ መብራቷ ጠፋች፣ ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ በራች። መካኒኩ ሽቦውን ፈተሸ፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን ቀየረ፤ አሁንም በራች። በመጨረሻ እሱባለው መላ አገኘሁ ብሎ መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። እማዬን ደግፎ አስገባና፣ ይኸው እማማ፣ ጠፍቷል፣ ይመልከቱ አላት። እሷ አሸተተች። ሸፈንከው እንጂ መቼ ጠፋ፤ ዛሬም ሞልተሃት የለም እንዴ፣ በሞላሃት ቁጥር ትሸታለች አለችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ያቺን «በሞላሃት ቁጥር» ያለችውን ይዤ ቀረሁ።

እንግዲህ አስበው። ቤንዚን የምናመጣው በጄሪካን ነው። እኔ ገበያ ላይ ገብስ ስሰፍር ጣሳውን ካልቆለልኩ ገዢው ይቀየመኛል፤ ልክ በልክ መስፈር እኛ ዘንድ ንፉግነት ነው። እሱባለውም ለመኪናዋ እንደዚያው ነው የሚሰፍርላት። አፏ ድረስ ጢም ያደርጋታል፣ ወዝወዝ ያደርጋታል፣ ጎደል ስትል ደግሞ ይጨምርላታል። ቀንስ ብለው፣ ወንድምሽ በላካት መኪና ላይ ልንፈግ ነው እንዴ ይለኛል።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩና መካኒኩን ትነቱ የሚሄድበትን መንገድ አሳየኝ አልኩት። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ከሰል የተሞላች ጥቁር ሣጥን አለች፤ ትነቱን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። አፍ ድረስ ሲሞላ ቤንዚኑ ራሱ ቢገባባትስ አልኩት። መፍቻውን አንስቶ ፈታት፤ ሲገለብጣት ቤንዚን ተንጠባጠበ፣ ከሰሉም ጭቃ ሆኖ ወጣ። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ቱቦም ውስጥ ቤንዚን ቆሞበታል። ኃይለ ኢየሱስ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ እትዬ ጌታነሽ፣ ከወር በላይ በሽታ ስፈልግባት ለካ ጠግባ ነው አለኝ። እሱባለው አብሮት ሳቀ፤ ጆሮው ግን በርበሬ መስሏል።

አዲስ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ተገጠመላት፣ ቱቦውም ተነፍቶ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ እሱባለው ጎደል አድርጎ ይሞላታል፤ እጁ ግን አሁንም ያመነታል። ሁለት ሳምንት ነዳናት፣ መብራቷ አልበራችም። ፕላስተሩን አንስቼ ጣልኩት። የቀጠሮው ቀን እማዬ ገብታ ወደ መሪው ዘንበል ብላ ያቺን መብራት ፈለገቻት፤ አጣቻት። አሸተተች። ከዚያ፣ በሉ ንዱ አለች።

ታኅሣሥ አሥራ አራት ቀን ግራ ዓይኗን ሠሯት፣ በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ስንመለስ ከፊት አስቀመጥናት። ሞተሩ ሲነሳ፣ ቁም፣ አሁን ደግሞ ቀይ በራ አለች። እኔና እሱባለው ተያየን። እሷ ግን ጠጋ ብላ አየችና፣ አንድ ትንሽዬ ሰውዬ ነው፣ ደረቱ ላይ በገመድ ታስሯል፣ ምን አድርጎ ነው አለች። ወንድሜ፣ የቀበቶዋ መብራት ነበረች፤ ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም። እሱባለው ቀበቶውን ትቶ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

ቤት እንደገባን ያንተን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አስወርዳ አየችና ከስቷል አለች፤ ስለዚህ ብላ። እየሩስን ሳምልኝ ብላሃለች፣ ማሙሽን ደግሞ መልኩን ላየው ነውና ለፋሲካ ይምጣልኝ ትላለች። እሱባለው ሰላም ይልሃል፣ ስለ ጄሪካኑ ግን አደራ እንዳትጽፍለት። ልጄ ጽናት እጅ ትነሳለች። እማዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን ታያለች፤ ማንበቡን ባታውቅም፣ መስመርሽ ወደ ታች እየወረደ ነው፣ አቅኚው እያለችኝ ነው።

እህትህ ጌታነሽ ብሩ
ቀየት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.