ስለ ተወለወለው ቅጠል

ይድረስ ለተከበሩት የእጽዋት ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። እንደ ሰጡኝ የምስክር ወረቀት ጤናማ ያድርግዎ ልል ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ የሠራውን ካየሁ በኋላ እንዲህ ያለውን ጤና ለማንም መመኘት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ በተራው ምኞት እንዳልፍ ይፍቀዱልኝ።

እኔ ከቤቴ ጀርባ ሙዝ የማለማ፣ መሥሪያ ቤትዎን በሁለት ጉዳይ የማመሰግንና በአንድ ጉዳይ የማስቸግር ሰው ነኝ።

አንደኛ፤ የሙዝ ችግኝ ለሌላ ሰው መስጠት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ቅጠል አምጥቶ ከቫይረስ ነጻ መሆኑን እንዲያስመረምር ማስታወቂያ ስላወጡ አመሰግናለሁ። ቅጠሌን ይዤ ስመጣ የናሙና መቀበያው ባልደረባዎ የመታወቂያዬን ቅጂ፣ የማመልከቻዬን ኅዳግ፣ ቅጠሉ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር በትጋት ካገላበጡ በኋላ፣ ከየትኛው ተክል እንደቆረጥኩት ባለመጠየቃቸው ከመዋሸት አድነውኛል።

ሁለተኛ፤ ምርመራው ራሱ እንከን አልነበረውም። ያመጣሁት ቅጠል ንጹሕ ነው አላችሁ፤ ንጹሕ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን ያ አንድ ቅጠል «እርሻ» ሆኖ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። ቅጠል ይዞ ገብቶ እርሻ ይዞ መውጣት በሌላ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

ሦስተኛው እንደ ምስጋና አይነበብም። ናሙናውን በቆረጥኩበት ጠዋት በአጥሩ ጥግ አንድ ተክል ነበር፤ ቅጠሎቹ ጠበውና ጠርዛቸው ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ተዘቀዘቀ መጥረጊያ ሽቅብ ተጠጋግተው ቆመዋል። አይቼዋለሁ። የተማረ ሰው ፊት የታመመ ቅጠል ይዞ መቅረብ አሳፍሮኝ አለፍኩትና፣ በቧንቧው አጠገብ ካለው ከሁሉ ከሚያምረው ተክል ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ልትድራት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የጥጉን ተክል ፍግ አንሶት ነው ብዬ ፍግ ጨመርኩለት።

ታላቅ እህቴ አሮጌ ሙዟን ነቅላ አዲስ ልትተክል ስትነሣ ችግኝ የጠየቀችው እኔን ነው። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላም «አንተ ልጅ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። በቧንቧው በኩል ያለው ለራሴ ይቅር ብዬ ከአጥሩ በኩል ቆፍሬ ሰጠኋት።

«ላቦራቶሪ ያየውን ነው የምትሰጠኝ አይደል?» አለችኝ።

«ማኅተሙን አታዪም?» አልኳት።

ዛሬ የእህቴ ሙዞች አብዛኞቹ መጥረጊያ ሆነዋል፤ እንደዚያ የሆነ ሙዝ አያፈራም። እሷ መሬቷን ትጠረጥራለች እንጂ እኔን አትጠረጥርም። የወረቀቱን ቅጂ በሯ ላይ ለጥፋ፣ ደህና ከሚመስሉት ላይ ችግኝ እያነሣች ዝናቡ ሲጥል ለጎረቤቶቿ ልትሰጥ ቃል ገብታለች።

ወረቀቱ ይሰረዝልኝ ብዬ በመጣሁ ጊዜ የክፍል ኃላፊዎ የአገልግሎት ጊዜው ገና እንዳላለፈና ያለ አዲስ ናሙና እንደማይሰረዝ በትሕትና አስረዱኝ። እንግዲያው የታመመውን ቅጠል ላምጣ ስላቸው፣ የታመመ ተክል ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ በማስታወቂያው የተከለከለ መሆኑን አስታወሱኝ። በመጨረሻም «ቅጠሉን የመረጡት እኮ እርስዎ ነዎት» አሉኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ከተነገረኝ ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ሳይጥል አንድ ባለሙያ ልከው፣ የእኔንና የእህቴን ማሳ በእግሩ ዞሮ መርጬ ያላቀረብኩለትን ሁሉ እንዲያይ፣ ወረቀቱም እንዲሰረዝ እለምናለሁ። ጫማው እንዳይቆሽሽ መንገዱን እጠርጋለሁ፤ ቅጠል ግን አልወለውልም።

በወረቀት ንጹሕ፣ በማሳው በሽተኛ የሆንኩት፣ ማኅተምዎን እህቴን እስካሳምንበት ድረስ ያከበርኩ አመልካችዎ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ይህን ለእህቴ ልነግራት ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመልሻለሁ። ይህ ደብዳቤ እንዲወጣበት የላክሁበትን ጋዜጣ ልጇ እሑድ እሑድ ጮክ ብላ ስለምታነብላት፣ ከባለሙያዎ ቀድሞ የሚደርስላት ጋዜጣው እንደሚሆን አልጠራጠርም። ስለዚህ ቀሪው ለእርስዎ አይደለም።

እትዬ፣ መሬትሽ ምንም አላደረገም። ወረቀቱን ከበሩ ላይ አውርጂው፤ ለማንም ችግኝ እንዳትሰጪ። ሰኞ ጠዋት መርጫና መቆፈሪያ ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያዞረውን ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ በመድኃኒት እንገድላለን፤ ከዚያ ሁሉንም ከነሥሩ እንነቅላለን። የምትዪኝን ሁሉ እየቆፈርኩ እሰማለሁ።