የሰሜኑ ግንብ ይመለስልን

ለተከበሩ የአዲሱ የነገሥታትና የዘንዶዎች ጨዋታ ሠሪ ድርጅት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጨዋታውን ሲሠሩ ዓይናቸው የደከመ ሠራተኞችዎም እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁ እንደ ዘንዶዎቻችሁ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ፣ ወገባችሁም ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ ውሎ የማይታመም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከአንድ የተሰበረ እግር በቀር ደህና ነን፤ እግሩንም የጠቀስኩት እርስዎን ለማስጨነቅ ሳይሆን ነገሩ ከሰሜኑ ግንብ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ወደ ግንቡ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ ራሴ ተጫዋች አይደለሁም፤ የተጫዋች ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ዋርሳዬ፣ ማለትም የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ወንድማማቾች የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በእናታቸው ግቢ በነበረች አንዲት ዛፍ ምክንያት ተኳረፉ፤ ባለቤቴ ታላቁን ሳያማክር ቆረጣት፣ ታላቁም ከሥራ ሲመለስ ጉቶዋን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፏም ሆነ ስለ ሌላ ነገር በቅጡ ተነጋግረው አያውቁም። ላስታርቅ ያለ አንድ ዘመድ በመካከላቸው ገብቶ ነበር፣ እሱም አብሮ ተኳርፎ ወጣ።

ያልተቋረጠ ነገር ቢኖር አሮጌው ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ይመጣል፣ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ለበሩ መቃን ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያም እንደ ወፍጮ በሚጮኸው አሮጌ ኮምፒዩተራችን ፊት ይቀመጣል። እርስዎ በሙያው ያሉ ስለሆኑ አላሰለችዎትም፤ ደብዳቤዬ በጋዜጣ ስለሚወጣ ለአንባቢው ያህል ግን፣ ሁለቱም ነገሥታት ናቸው፣ ግንብ ይሠራሉ፣ ጦር ይሰዳሉ፣ ሠራዊታቸው ያልረገጠው አገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይጋረድባቸዋል። ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ወንበሩም አንድ ስለሆነ የሚጫወቱት በተራ ነው። የአንዱን ንጉሥ ምሥጢር ሌላው እንዳያይ፣ ተራው ያልደረሰው ወደ ማድ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሕጉ ይኸው ብቻ ነበር።

ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ።

አንድ ተራ ሲያንስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ዋርሳዬ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ስለሆነ የምታንጠባጥበውን ቧንቧ ያጠብቃል፣ ድንች ይልጣል፣ እየላጠም ጉልበቱ እንደሚቆረጥመው፣ ልጁ ሌላ ከተማ ሥራ እንዳገኘች ይነግረኛል፤ አንዳንዴም ቀና ሳይል «ያ ጅል አሁንም ሲስቅ ያስነጥሰዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ተራው ሲለወጥ ባለቤቴ ይገባና ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና እያጠበ «ሰውዬው ምን አለ?» ይላል። እነግረዋለሁ፤ ጨው ቢጤም ጣል አደርግበታለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ነገሥታት ባይነጋገሩም፣ የአንዳቸው ጉንፋን ለሌላቸው ሳይነገር የዋለበት ቅዳሜ አልነበረም።

ከዚያም የእናንተ ጨዋታ መጣ። የሰፈራችን ኮምፒዩተር ጠጋኝ አሮጌውን አይቶ «ይሄ እኮ ለሙዚየም ነው» ብሎ አሳፈራቸውና፣ ሁለቱም አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው የእናንተን ጨዋታ በየቤታቸው አስገጠሙ። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ባለሥልጣን ቁጥር እንደሚወድ ሰምቻለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ዘንዶው ውበት አመሰግናለሁ። በአሮጌው ጨዋታ ዘንዶ ማለት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበረች፤ ክንፏን ከጅራቷ ለመለየት መነጽር ያስፈልግ ነበር፤ ሆኖም ብቅ ስትል ሁለት ሽበታም ሰዎች ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። የእናንተው ቅንድብ አለው፣ ሲተነፍስ አፍንጫው ይነፋል፣ በጥርሱ መካከል የተሰነቀረው ሥጋ ሳይቀር ይታያል፤ ባለቤቴም ባየው ቁጥር «አቤት አሠራር» ከማለት በቀር አንድ ቀን ፈርቶት አያውቅም። ፍርሃትን በአድናቆት ስለተካችሁልን የልብ ሐኪማችን ሳያመሰግናችሁ አይቀርም።

፪ኛ፤ ስለ አማካሪዋ። በጨዋታችሁ ጥግ ላይ ብርማ ጸጉር ያላት ሴትዮ እየወጣች «ንጉሥ ሆይ፣ እህልዎ እያለቀ ነው፤ ንጉሥ ሆይ፣ የምሥራቁ በር አልተጠበቀም» ትላለች፤ ባለቤቴም ወገቡን አቅንቶ ያዳምጣታል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ጣሪያው እንደሚያፈስ ስነግረው አንድ ጊዜ እንኳ አንገቱን አላዞረም። በአሮጌው ጨዋታ መካሪ የሚባል አልነበረም፤ ሰው በገዛ ሞኝነቱ ይሸነፍና ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጭ ይከርም ነበር። ሴትዮዋ እግረ መንገዷን የጣሪያውን ነገር እንድታነሣልኝ ቢያዝዙልኝ ግን ውለታዎን አልረሳም።

፫ኛ፤ ስለ ፍጥነቱ። በእናንተ ጨዋታ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ በየቤታቸው ሆነው ይዋጋሉ። በማስታወቂያችሁ «የጥበቃን አሰልቺ ደቂቃዎች አስወግደናል» ብላችኋል። እውነት ነው፣ ተወግደዋል። ድንቹን ብቻዬን እልጣለሁ፣ ቧንቧዬም ከዚያ ወዲህ ጠብ ጠብ ስትል ትውላለች። የዋርሳዬ ጉልበት ይሻለው ይባስበት አላውቅም፤ ባለቤቴም ብርጭቆ ማጠብ ትቷል።

፬ኛውን የምጽፈው ባለቤቴ ሱቅ በሄደበት ሰዓት ነው፤ ሲነሣበት ስለሚያፍር።

ዋርሳዬ ስንቱን ቤት ከጎርፍ ሲያድን ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ዕለት በገዛ መታጠቢያ ቤቱ ውሃ አንሸራተተውና እግሩ ከቅልጥሙ ተሰበረ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ሐኪም ቤት ወስዳ በጀሶ አሳሰረችው፤ ለወንድሙ ልደውል ስትለው ግን «አትደውይ፤ ቅዳሜ ከጨዋታው ስጠፋ ራሱ ይመጣል» አላት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ቅዳሜ ደረሰ፤ አልጋው ላይ ሆኖ በሩን ሲያይ ዋለ። ማንም አልመጣም።

በእኛ ቤት ግን ጨዋታው እንደ ወትሮው ቀጥሎ ነበር። የወንድሙ ጦር ይንቀሳቀሳል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ያጠቃል፤ ባለቤቴም «ሰውዬው ዛሬ ምን በልቶ ነው፣ እንደ ወጣት እኮ ነው የሚሮጠው» እያለ ይገረማል። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ከወንድሙ ዘንድ መልእክት መጣለት፦ «ክቡር ጎረቤቴ ሆይ፣ ደም ማፍሰሱ ይብቃን፤ ለወዳጅነታችን መታሰቢያ የሰሜኑን ግንቤን ከነማዕድን ማውጫው አበርክቼልዎታለሁ።»

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለበሰ፣ አሥራ አራት ዓመት ከአፉ ያልሰማሁትን ቃል አውጥቶ «ወንድሜ ታረቀኝ» አለኝና ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። እኔም ጥቂት አለቀስኩ፤ ለጎረቤት ግን ሽንኩርት ነው ብያለሁ።

የሆነውን ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች። ባለቤቴ ብርቱካኑን እንደያዘ ደፉ ላይ ቆሞ «መልእክትህ ደረሰኝ» ሲል፣ ዋርሳዬ ከነጀሶው ቀና ብሎ «የምን መልእክት? ዘጠኝ ቀን ሙሉ እጄ ኮምፒዩተር አልነካም። አንተ ከማን ጋር ስትጫወት ነው የከረምከው?» አለው። እሷ እንደምትለው፣ ባለቤቴ ብርቱካን መላጥ ጀመረ፤ ስድስቱንም ላጠ።

ክቡር ሆይ፣ ተጫዋች ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ማሽኑ ተክቶት እንደሚጫወት በውላችሁ አርባ አንደኛ ገጽ ላይ መጻፉን ጠጋኙ አሳይቶኛል፤ ባለቤቴ «ተስማምቻለሁ» የምትለውን ቁልፍ የነካው ሳያነብ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። አሳቢነታችሁንም አደንቃለሁ። አሮጌው ጨዋታ ይህን ያህል አሳቢ አልነበረም፤ ሰው ሲቀር ወንበሩ ባዶ ይሆን ነበር። ባዶ ወንበር ደግሞ ይታያል፤ ባለቤቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጫማውን ባጠለቀ ነበር።

አሁን አሮጌው ኮምፒዩተር ያለው ዋርሳዬ አልጋ አጠገብ ነው፤ ባለቤቴ ተሸክሞ ወሰደው። ዋርሳዬ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት መሄድ ስለማይችል፣ የወንድሙ ተራ ሲሆን ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ይከናነባል። እኔ አሁን የማመላልሰው ወሬ የለኝም፤ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ከዘንዶዋ ጋር ሲታገል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር «ዛፏን በመጋዝ ነው ወይስ በመጥረቢያ?» የሚል ድምፅ ወጣ። ባለቤቴ እጁ በአየር ላይ ቀረ። «በመጋዝ» አለ። ከብርድ ልብሱ ሥርም «ደግ አደረግህ፤ መጥረቢያ ያሠቃያት ነበር» የሚል መልስ መጣ። ባለቤቴ ሳቀ፣ አስነጠሰውም።

ይህን ሁሉ ያመጣው የእናንተ ማሽን ስለሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሰውየው ዘጠኝ ቀን በር በር ሲያይ መክረሙን ከምስጋናዬ ላይ ቀንሰው ቀሪውን ይቀበሉኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዘንዶዎ የጥርስ ሐኪም፣ ለአማካሪዋ ጥቂት ዝምታ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

የቁልፍ ሠሪው ሚስት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ዋርሳ፣
ከሥራዋ የተፈናቀለች የሁለት ነገሥታት መልእክተኛ።

ማስታወሻ፦ ዋርሳዬ «ያልሰጠሁት ግንብ ይመለስልኝ» ይላል፤ ባለቤቴ «የተሰጠ አይመለስም» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ለሌላ አሥራ አራት ዓመት ሳይኳረፉ ግንቡን ከነማዕድን ማውጫው እንዲያስመልሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መልሱን ግን እባክዎ ራስዎ ይጻፉት፤ ማሽኑ ቢጽፈው እናውቃለን፤ ወንድም ያለው ሰው እንደዚያ አሳምሮ አይታረቅም።